ከስክሪኑ ላይ የጠፋው መስመር

ትል አዳኙ የሞተው መዝገብ እንዳቀፈ ነው። ከብረቱ በር ሦስት እርምጃ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ጀርባውን ለመደርደሪያው ሰጥቶ፣ ደክሞት አረፍ ያለ ሰው መስሎ ቁጭ እንዳለ አገኙት። ቁስል የለ፣ የትግል ምልክት የለ። ይህ የሆነው ረቡዕ ከሥራ መውጫ በኋላ ሲሆን፣ ሐሙስ ጠዋት መርማሪዋ ተጠራች።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ቆይ እስቲ» ይሏታል። አለቃዋ ፋይል ሊዘጋ ብዕሩን ሲያነሳ «ቆይ እስቲ» ትላለች፤ ፋይሉም ሌላ ሦስት ወር ክፍት ይቀራል። ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ችኩል ሰው የማትወድ ሴት ናት።

ቦታው መዛግብት ቤት ነው። ሰው ልደቱን፣ ጋብቻውን፣ የአባቱን ቤት የሚያረጋግጥባቸው አሮጌ መዝገቦች እዚያ ተደርድረዋል። አሮጌ ወረቀት ደግሞ ትል አያጣም። የሟቹ ሥራ ያንን ትል መግደል ነበር። የተበላውን መዝገብ በብረት በር በሚዘጋ ክፍል ውስጥ ይደረድራል፤ ከክፍሉ አየሩ ይወጣና በምትኩ ናይትሮጅን ይሞላል፤ ትሉ ታፍኖ ያልቃል። ናይትሮጅን አይታይም፣ አይሸትም፣ አያስልም። የገባበት ሰው ሁለት ጊዜ ይተነፍሳል፤ ሦስተኛውን አያውቀውም።

ይህን ሁሉ የሚያዘው በፊተኛው ክፍል ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ የሠላሳ ዓመት ኮምፒዩተር ነበር። ፕሮግራሙ በሌላ ማሽን አልሠራም በማለቱ፣ ጡረታ እንደተከለከለ ሽማግሌ እያቃሰተ ይሠራል። ከእርሱ ጋር የኖረው ሆዱ የተነፋ አሮጌ ሞኒተር ባለፈው ቅዳሜ ጭስ አውጥቶ ሞተ። ሰኞ አንዲት የኮምፒዩተር ጠጋኝ መጥታ በቦታው አዲስ ጠፍጣፋ ስክሪን አቆመች። አዲሱ ስክሪን የአሮጌውን ማሽን ቋንቋ ስለማያውቅ በመካከላቸው እንደ አስተርጓሚ የሚሠራ የእጅ መዳፍ የሚያህል ሳጥን ገባ።

መርማሪዋ ስትደርስ የቤቱ ኃላፊ ነገሩን ጨርሶት ነበር። ሰዓቱን ደጋግሞ የሚያይ፣ ሸሚዙ እስከ አንገቱ የተቆለፈ ሰው ነው። በስክሪኑ አናት ላይ ሰዓቱንና «አየር» ወይም «ጋዝ» የሚለውን ቃል የሚያሳይ መስመር ነበረ አላት። አዲሱ ስክሪን ያንን መስመር ቆርጦ አስቀርቶታል። ሽማግሌው ትል አዳኝ ክፍሉ ጋዝ መያዙን ሳያይ ገባ፣ ሞተ፣ በቃ።

«የገደለችው ልጅቷ ናት» አለ። «አውቃ ባታደርገውም በዝርክርክነቷ ገድላዋለች። ደብዳቤውን ጽፌአለሁ፤ ፖሊስ ጣቢያም ወስደዋታል።»

«ቆይ እስቲ» አለች መርማሪዋ።

ወንበር ስባ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠች። እውነትም የመጀመሪያው መስመር አይታይም፤ የፊደሎቹ ግርጌ ብቻ በስክሪኑ ጠርዝ ሥር እንደ ሣር ቆሟል። ከሥሩ ግን የኦክስጅኑ መጠን ጣት በሚያህል ቁጥር ተጽፏል። ሃያ ነጥብ ዘጠኝ ከሆነ ደህና አየር ነው፤ ወደ አንድ ከወረደ ሞት ነው። ይኸን ቁጥር ለሠላሳ ዓመት ያየ ሰው ከላዩ አንድ ቃል ስለጎደለ ዝም ብሎ ይገባል? ነገሩ አልዋጥልሽ አላት።

ከዚያ ሳጥኑን አየች። አራት መጫኛ ቁልፎች አሉት። በሦስቱ ሥር በሚያምር የእጅ ጽሑፍ የተጻፈ ቀጭን ወረቀት ተለጥፏል፦ «ወደ ላይ»፣ «ወደ ታች»፣ «ማስፊያ»። በአራተኛው ሥር ምንም የለም። አንዱን ወረቀት በጥፍሯ ልትልጠው ሞከረች፤ ወረቀቱ ተቀደደ፣ ግማሹም ተጣብቆ ቀረ። በአራተኛው ቁልፍ ሥር ግን ጭረት እንኳ አልነበረም። አቧራ ያልነካው ንጹሕ አራት ማዕዘን ብቻ ታየ።

የሟቹን ደብተርም አገኘች። ሽማግሌው ስክሪኑን ባየ ቁጥር ሰዓቱንና ቁጥሩን ይጽፍ ነበር። የእጅ ሰዓት አያስርም፤ ስልክ ደግሞ ሰነድ እንዳይነሳበት ከዘበኛው ዘንድ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ሰዓቱን ከስክሪኑ ነበር የሚገለብጠው። ረቡዕ ስድስት ሰዓት ከአርባ አንድ፣ ሃያ ነጥብ ዘጠኝ። ቀጥሎ፣ የመጨረሻው፦ «ስምንት ገደማ፣ 20.9»። በደብተሩ ጀርባ ለብቻው አንድ ነገር ጽፏል፦ «አርባ ሰባተኛው ወረቀት ቀዳዳ የለውም። እስከ ሐሙስ።»

በጠረጴዛው ሥር ጩኸቱን ለመቀነስ በክዳን የታሸገ አሮጌ ማተሚያ ነበር። ማሽኑ የሚሠራውን ሁሉ በራሱ ያትማል፤ ወረቀቱን ግን የሚሰበስቡት በሳምንት አንዴ ነው። መርማሪዋ ክዳኑን ከፍታ ረቡዕን ፈለገች። ሰባት ሰዓት ከአምስት፣ ጋዝ ተጀመረ። ስምንት ሰዓት፣ ኦክስጅን 0.8።

ደብተሩንና ወረቀቱን ጎን ለጎን አድርጋ አነጻጸረች። በዚያው ሰዓት ማሽኑ ዜሮ ነጥብ ስምንት ብሎ አትሟል፤ ሽማግሌው ሃያ ነጥብ ዘጠኝ ብሎ ጽፏል። ከክፍሉ በስተጀርባ አንድ ሞተር ጎረነነና ተወ፤ እርሷም ሳታስበው ትንፋሿን ያዘች።

ጠጋኟን ጣቢያ ሄዳ አነጋገረቻት። ሠላሳ ዓመት የማይሞላት፣ ጣቶቿ በብየዳ የተጠባበሱ ሴት ናት። ስታለቅስ አድራ ዓይኗ አብጧል። መስመሩን በደንብ አውርጄ ነው የሄድኩት፣ ሁለት ሰዓት የፈጀብኝም እርሱ ነበር አለች።

«ግን እንጃ» አለች። «ሁሉም ሲሉኝ እኔም ማመን ጀምሬአለሁ። ልጄ እያለ ነበር የሚጠራኝ። እኔ ገድዬው ይሆን?»

«ሰኞ ሄድሽ። እርሱ ግን እስከ ረቡዕ ስድስት ሰዓት ከአርባ አንድ ድረስ ሰዓቱን ከስክሪኑ ገልብጧል። መስመሩ ነበረ ማለት ነው። አሁን እንባሽን ጥረጊና አራተኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ ንገሪኝ።»

ጠጋኟ ለጥቂት ጊዜ አልገባትም። ከዚያ እጇ አፏ ላይ ሄደ።

«ምስሉን ያቆማል» አለች ቀስ ብላ። «ማሽኑ ሥራውን ይቀጥላል፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ግን እንደ ፎቶግራፍ ባለበት ይቀራል። አሮጌው ሞኒተር እንዲህ ማድረግ አይችልም ነበር፤ ማሽኑ የላከለትን ያሳያል፣ አለዚያ ይጨልማል።»

«ይህን ቁልፍ ማን ያውቃል?»

ኃላፊውና ጠራዡ እንደሚያውቁ ነገረቻት። ጠራዡ የተበጣጠሱ መዝገቦችን የሚሰፋና የሚጠርዝ ሰው ነው፤ ጽሑፉ ስለሚያምር የቁልፎቹን ስም የጻፈውም የለጠፈውም እርሱ ነው። ምን ብሎ እንደሚጽፍ ስታሳየው ኃላፊው አጠገባቸው ቆሞ ነበር። ሽማግሌው ግን በዚያን ሰዓት ከብረቱ በር ውስጥ መዝገብ ይደረድር ነበር። ሲወጣ ሳጥኑን እንዳይነካ ነገረችው፤ እርሱም የማላውቀውን ነገር ነክቼ አላውቅም ብሎ ሳቀባት። የማሽኑ ሰዓት ባትሪው ስለደከመ አሥራ ስምንት ደቂቃ ወደ ኋላ እንደሚቀር ነግራው ላስተካክል ብትለውም እምቢ አለ። ያለው አሁን ድረስ በጆሮዋ አለ።

«ተይው፣ ልጄ። ይህ ማሽን ቢዘገይም አይዋሽም። ስክሪኑ ወይ ጨለማ ነው፣ ወይ እውነት።»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ማለት ይኸው ነው። ሽማግሌው ያመነው ፈረስ ቅዳሜ ዕለት ሞቶ ነበር፤ በቦታው የቆመው ሌላ መሆኑን ያየለት ሰው ግን አልነበረም።

ዘበኛው ረቡዕ በቤቱ ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ መሆናቸውን ከመግቢያ ደብተሩ አሳያት። ሽማግሌው ከሰባት ሰዓት እስከ ሰባት ተኩል ከእርሱ ጋር በሩ ላይ ምሳ በልቷል። ጠራዡ ጥርሴን አመመኝ ብሎ ስምንት ሰዓት ከአርባ ላይ ወጣ። ኃላፊው እስከ አሥራ አንድ ቆየ፤ ሽማግሌው ሳይወጣ በቀረ ጊዜ ሁለቱ አብረው ፈልገው፣ ቁጥሩ መውረዱን አይተው አየር ካስመለሱ በኋላ አገኙት።

ኃላፊው ጥያቄ ሲበዛበት ፊቱ ቀላ። አዎ፣ ተጣልተን ነበር አለ። ያንን ቅራቅንቦ ማሽን ጥዬ ዘመናዊ ላስገባ ስል ሽማግሌው አቤቱታ ጽፎብኛል። ይህን ሲናገር እንኳ በሟቹ ላይ እንደተናደደ ነበር፤ መርማሪዋ ግን ይህንን ለክፋቱ አልቆጠረችበትም። ነፍሰ ገዳይ ብዙውን ጊዜ ሟቹን ማሞገስ ይወዳል ብላ ታምናለች።

ጠራዡ ሲያሞግስ አገኘችው። ክፍሉ ሙጫና ቆዳ ይሸታል። በጠረጴዛው ላይ እርጥብ ስፖንጅ፣ ከአጥንት የተሠራ የወረቀት ማለስለሻና የዱቄት ሙጫ የያዘ ጎድጓዳ ሳህን ነበር። ድምፁ ለስላሳ፣ ጣቱ ረጅም ሰው ነው። ሃያ ዓመት አብረን ሠራን፣ ወንድሜ ነበር፣ እንዲህ ያለ ሰው አይገኝም አለ፤ እንባውም እውነተኛ እንባ ነበር።

«ረቡዕ ክፍሉ ሄደው ነበር?»

«በፍጹም። ጥርሴ ነበር ሲያሠቃየኝ የዋለው። ከዚሁ ተነስቼ ስምንት ሰዓት ከሃያ ሁለት ላይ ወደ ቤቴ ሄድኩ።»

«የእጅ ሰዓት ያስራሉ?»

«ሙጫው ያበላሸዋል፣ እመቤቴ» አለና ባዶ አንጓውን አሳያት።

መርማሪዋ ግድግዳውን ቃኘች። የቆዳ ቁርጥራጭ፣ መቀስና ገመድ ተሰቅሏል። ሰዓት የለም። አመስግናው ወጣችና ከእርሱ ክፍል እስከ ዘበኛው በር በሚያማት ጉልበቷ እየቆጠረች ተራመደች። ሦስት ደቂቃ ብቻ ፈጀባት።

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉንም በፊተኛው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ኃላፊው፣ ጠራዡና ዘበኛው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ጠጋኟን አንዲት ሴት ፖሊስ ይዛት መጣች፤ ኃላፊው ሲያያት ፊቱን አዞረ። ስክሪኑ በርቷል፤ የላይኛው መስመር እንደተቆረጠ ነው፤ ከሥሩ 20.9 ተጽፏል። ሳጥኑ በጨርቅ ተሸፍኗል።

መርማሪዋ፣ ማሽኑ ዛሬ ጠዋት ለሙከራ ጋዝ ሞልቶ ከዚያ አየር መልሷል አለቻቸው። ከውስጥ የሚፈረምባቸው መዝገቦች ስላሉ እያንዳንዳቸው ገብተው አንድ አንድ እንዲያመጡ ጠየቀች። ኃላፊው ስክሪኑን አየ፣ ቁጥሩን አነበበ፣ ገብቶ መዝገቡን ይዞ ወጣ። ዘበኛው ሄደ፣ መጣ። ቀጥሎ ጠራዡ ነበር።

ጠራዡ አልተንቀሳቀሰም። ዓይኑ ስክሪኑ ላይ አልነበረም።

«ሳጥኑን ለምን ሸፈናችሁት?» አለ።

በብረቱ በር በኩል ቀዝቃዛ አየር ሽው ሲል ተሰማ።

«ሌላው ሰው ሁሉ ስክሪኑን አየ» አለች መርማሪዋ። «እርስዎ ግን ሳጥኑን አዩ። ስክሪኑ ይግቡ እያለ እንደሚገድል የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው ሳጥኑን የሚያየው።» ጨርቁን አነሳችው። «ከሥሩ ምንም የለም። ምስሉ እየሠራ ነው፤ አየሩም ደህና ነው።»

ከዚያ ጉልበቷን እያሸች ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና አንድ በአንድ ታስረዳቸው ጀመር። ሽማግሌው ምሳ ሲሄድ አንድ ሰው ወደዚህ ክፍል ገባ። በስክሪኑ ላይ ሃያ ነጥብ ዘጠኝ እንዳለ ምስሉን አቆመው። ነገር ግን በላይኛው መስመር ያለው ሰዓት ቆሞ ከቀረ ሽማግሌው ይባንናል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ምስሉን ወደ ላይ ገፍቶ መስመሩን ከስክሪኑ አስወጣው። ከዚያ ጋዙን አስጀመረ። ጆሮው የደከመው ሽማግሌ የሞተሩን ድምፅ አይሰማም። ስምንት ሰዓት ገደማ ስክሪኑን አየ፤ ሰዓቱን ስላጣው «ገደማ» ብሎ ጻፈ፤ ቁጥሩን ግን አመነው።

«በዚያን ሰዓት ማሽኑ ሲያትም የነበረው ዜሮ ነጥብ ስምንት ነው። ወንድሜ የሚሉት ሰው ውሸት ጽፎ አልሞተም። የዋሸው ስክሪኑ ነው፤ ያስዋሸው ደግሞ ሰው ነው። ከሞተ በኋላ ያ ሰው ተመልሶ ምስሉን ለቀቀው።»

ኃላፊው አንድ እርምጃ ወደ ፊት ቀረበ። «እኔም እኮ ቁልፉን አውቃለሁ» አለ፤ ራሱን እንደ መክሰስ ነበር።

«ያውቃሉ። እኔም ሁለት ቀን የተጠራጠርኩት እርስዎን ነው። ግን ያ ሰው ማንም ስለ አራተኛው ቁልፍ እንዳይጠይቅ ስሙን ከሥሩ አንስቶታል። እኔ አንዱን ብልጠው ተቀደደብኝ፤ እርስዎም ቢሆኑ ይቀደድብዎታል። ይህኛው ግን በእርጥብ ስፖንጅ ርሶ፣ ታግሦ፣ ሳይጫር ነው የተነሳው። አሮጌ ወረቀት ሲያነሳ የኖረ እጅ ቢቸኩል እንኳ መቅደድ አይችልም።»

ጠራዡ ረጃጅም ጣቶቹን ሰብስቦ ያዘ። «ይኸ ማስረጃ ነው?» አለ፤ ድምፁ አሁንም ለስላሳ ነው።

«አይ፤ ማስረጃውን የሰጡኝ ራስዎ ነዎት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ረቡዕ እዚህ አልገባሁም አሉ፤ ስምንት ሰዓት ከሃያ ሁለት ላይ ወጣሁም አሉ። ዘበኛው ሲወጡ የጻፈው ስምንት ከአርባ ነው። መንገዱ ሦስት ደቂቃ ነው። ሰዓት የለዎትም፣ ስልክ የለዎትም፣ ክፍልዎም ሰዓት የለውም። ሰው በግምት ሲናገር ስምንት ከሩብ ይላል፣ ስምንት ተኩል ይላል። ሃያ ሁለት ብሎ የሚገምት የለም። በዚህ ቤት አሥራ ስምንት ደቂቃ ወደ ኋላ የሚቀር ሰዓት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ከዚህ ስክሪን አናት ላይ ነው።»

ጠጋኟ ትንፋሽ ሳበች። መርማሪዋ ቀጠለች።

«ሽማግሌው ስምንት ሰዓት ገደማ ሲጽፍ መስመሩ አልነበረም። ማታ ሲያገኙትም አልነበረም። በመካከል ስምንት ከሃያ ሁለት ላይ ያነበበው ሰው ምስሉን ለቅቆ፣ መስመሩን አውርዶ፣ ሰዓቱ እየተንቀሳቀሰ መሆኑን አይቶ፣ ከዚያ መልሶ የገፋው ሰው ነው። መልሶ የገፋውም ይቺ ልጅ እንድትጠየቅበት ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።»

ሟቹ አቅፎት የነበረውን መዝገብ ከቦርሳዋ አወጣች። ትሉ ከአርባኛው ወረቀት እስከ ሰባኛው አንድ ቀጭን ጉድጓድ ቆፍሯል። በአርባ ስድስተኛው ላይ ቀዳዳው አለ፤ በአርባ ስምንተኛው ላይ አለ፤ በአርባ ሰባተኛው ላይ የለም። ትል ደግሞ ወረቀት አይዘልም። አርባ ሰባተኛው ትሉ ካለፈ በኋላ የገባ ወረቀት ነው፤ ስፌቱ እንኳ እንዳይታወቅ ሆኖ ገብቷል። በላዩ የተጻፈው የአንድ ቤት ብቸኛ ወራሽ ስም ነው፤ እርሱም የጠራዡ ስም ነው። ከዚያ ስም ሥር የአንዲት ሴት ስም መኖር ነበረበት።

«እህትዎ ከአባታችሁ ቤት የወጣችው በዚህ ወረቀት ነው» አለች መርማሪዋ። «ሽማግሌው አገኘው። እስከ ሐሙስ ለምን ጠበቀ?»

ጠራዡ መልስ ሰጠ።

«ራስህ ሂድና ለእህትህ ንገራት አለኝ። እኔ አልናገርም፣ እስከ ሐሙስ እጠብቅሃለሁ አለኝ።» ዓይኑን ከመዝገቡ አላነሳም። «ረቡዕ ያን መዝገብ አውጣልኝ፣ አስተካክዬ ለእህቴ አሳያታለሁ አልኩት። ደስ ብሎት ነው የገባው።»

ፖሊሷ ጠጋኟን ለቅቃ ጠራዡን ይዛ ወጣች። ኃላፊው ጠጋኟ ፊት ቆሞ ይቅርታ መሰል ነገር አጉተመተመ፤ ደብዳቤውን እንደሚቀድደው ነገራት። እርሷ የሰማችው አይመስልም።

ወደ ሳጥኑ ሄዳ «ወደ ታች» የሚለውን ቁልፍ ደጋግማ ተጫነች። መስመሩ ከስክሪኑ ጠርዝ ሥር ብቅ አለ፦ «አየር»፣ አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት። በአራተኛው ቁልፍ ሥር ፕላስተር ለጥፋ በጠማማ ጽሑፏ «ምስል ያቆማል — ተጠንቀቁ» ብላ ጻፈች። ከዚያ የሽማግሌውን ደብተር ከፍታ ብዕር አነሳች።

«20.9 ይላል» አለች መርማሪዋ ከኋላዋ።

«አይቻለሁ» አለች ጠጋኟ፤ ግን አልጻፈችም። አሥራ ሁለት የሚለው ቁጥር ላይ ዓይኗን ተክላ ቆመች። መርማሪዋም ጉልበቷን ረስታ አብራት ቆመች። አሥራ ሁለቱ አሥራ ሦስት ሲሆን ጠጋኟ ያን ጊዜ ጻፈች።